ታውቂያለሽ ብሎ ነው ዝም ያለው

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ኮንትራት ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ልጅ ነው። ሰው "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲለን "ቤት አጸዳለሁ" እንላለን እንጂ ብዙዎቻችን የሰው ልጅ ነው የምናሳድገው። ከምናሳድጋቸው ውስጥ ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አሉ። እዚህ ሊባኖስ "ተወሑድ" ይሉታል።

ባለፈው የእሁድ ስብሰባችን አንዲት እህት ስለምትይዘው ልጅ ስታወራ "ይሄ ልጅ እኮ ልብ የለውም፤ እኔ ሳለቅስ እሱ ይስቃል" አለች። ሁለት ሦስት ሰዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። መልስ ነበረኝ፣ ግን ሰዓት አልበቃንም፤ ደግሞ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት። ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ሐኪምም አይደለሁም። ግን እንዲህ ካለ ልጅ ጋር አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። ቤት ድረስ ትመጣለት የነበረችው የንግግር ባለሙያ ብዙ ነገር አስረድታኛለች። የቀረውን ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ በስልኬ እያስተረጎምኩ አንብቤዋለሁ።

የልጁን ስም አልጠራም። እኔ ማሙሽ ነው የምለው፤ አሁን እሱም ስሙ መስሎት ይመልሳል። ስመጣ አራት ዓመቱ ነበር። ውሃ ሲጠማው "በዳክ ማይ?" ይላል፤ ውሃ ትፈልጋለህ ወይ ማለት ነው። እኛ የምንጠይቀውን እንዳለ ገልብጦ ለራሱ ይጠቀምበታል። እኔና አንተ የሚባለው ነገር ተምታቶበት ነበር። ባለሙያዋ ይሄ የብዙ ኦቲዝም ልጆች ነገር ነው አለችኝ። ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም አሜሪካ ውስጥ በ1943 ስለነዚህ ልጆች መጀመሪያ ሲጽፍ ይሄንኑ አይቶ ጽፎታል።

ከፍሪጅ የሚፈልገው ነገር ካለ ደግሞ መጥቶ እጄን ይይዝና ይጎትተኛል፤ ከዚያ እጄን አንስቶ የፍሪጁ በር ላይ ያስቀምጠዋል። ፊቴን አያይም። እጄ ለእሱ እንደ መክፈቻ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ተናድጄ ነበር፤ የቤቱ ትልልቅ ሰዎችም እኔን እንደ እጅ ብቻ ነው የሚያዩኝ፣ ልጁም ጨመረ ብዬ። በኋላ ሳየው ከእናቱም ጋር እንደዚያው ነው።

የአንድ ዓመት ልጅ ጨረቃ ሲያይ ጣቱን ቀስሮ "እይ" ይላል፣ ዞሮ ደግሞ አየሽ ወይ ብሎ ፊትሽን ያያል። ጨረቃዋን ስጪኝ ማለቱ አይደለም። እኔ ያየሁትን አንቺም እይልኝ ነው። ማሙሽ ይሄን አልነበረውም። እዚህ ቤት ታናሽ እህቱ ተወልዳ አሥራ አንድ ወሯ ላይ በረንዳ ላይ የቆመች እርግብ በጣቷ ስታሳየኝ ነው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የታየኝ። ለእሷ ማንም አላስተማራትም።

ስድስት ሊሞላው ሲል ባለሙያዋ ሁለት አሻንጉሊት፣ አንድ ቅርጫት፣ አንድ ካርቶንና አንድ ብይ ይዛ መጣች። ማሙሽ እኔ ካልተቀመጥኩ ስለማይቀመጥ እኔም አብሬ ተቀመጥኩ። አንደኛዋ አሻንጉሊት ብዩን ቅርጫት ውስጥ አድርጋ ትወጣለች። እሷ ሳታይ ሌላዋ ብዩን አንስታ ካርቶኑ ውስጥ ትደብቀዋለች። የመጀመሪያዋ ተመልሳ ስትመጣ ብይዋን የት ትፈልጋለች? ነው ጥያቄው። እናንተ ወዲያው ቅርጫቱ ውስጥ ትላላችሁ፤ ያስቀመጠችው እዚያ ነው፣ ሲወሰድ አላየችም። ማሙሽ ምንም ሳያመነታ ካርቶኑን ነካ። ብዩ ያለው እዚያ ነዋ! እሱ የሚያውቀውን እሷ እንደማታውቅ አልመጣለትም።

ይሄ ፈተና የታወቀ ነው። ሳይመን ባሮን ኮኸን፣ አላን ሌስሊና ኡታ ፍሪዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ ሠርተውት በ1985 አወጡት። ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ እንደ ማሙሽ ነው የመለሱት። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 14 ልጆች ግን 12ቱ በትክክል መልሰዋል። ሌላ ችግር ከሌለባቸው፣ አራት ዓመት ከምናምን ከሆናቸው 27 ልጆች ደግሞ 23ቱ። ስለዚህ የሞኝነት ጉዳይ አይደለም። ማሙሽ የመኪና ታርጋ አንዴ አይቶ በዓመቱ የሚነግርሽ ልጅ ነው። የጎደለው ሌላ ነው፤ በሰው ሆድ ውስጥ ያለው ሐሳብ በእኔ ሆድ ካለው ይለያል የሚለው እውቀት። እኛ ይሄን መቼ እንዳወቅነው እንኳ አናስታውሰውም። ከ20ዎቹ አራቱ በትክክል መመለሳቸውንም አትርሱ። ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም።

ነገሩ ስላልወጣልኝ በራሴ ሞከርኩት። ማዳም ክርና መርፌ የምታስቀምጥበት ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ በየቤቱ አለ መሰለኝ፣ እኛም አገር አለ። ማሙሽን "ውስጡ ምን አለ?" አልኩት። "ብስኩት።" ከፈትኩት፣ ክር። ዘጋሁትና "ተታ ብትመጣ ውስጡ ምን አለ ትላለች?" አልኩት። ተታ አያቱ ናት። "ክር" አለኝ። እሺ፣ ይሄን ጠብቄዋለሁ። ቀጥዬ "አንተስ ከመክፈታችን በፊት ምን አለ ብለህ ነበር?" አልኩት። "ክር።" አሁን እኮ ብስኩት ብለሃል! አይ፣ ክር። አልዋሸም። ትናንት የነበረው የራሱ ሐሳብ እንኳ ዛሬ ካወቀው ጋር ሲጋጭ ከእጁ ይጠፋዋል። ትንሿን ሦስት ዓመት ሲሆናት ያንኑ ጠየቅኳት፣ እሷም ለሁለቱም "ክር" አለች። አምስት ሊሞላት ሲል ደግሜ ስጠይቃት ግን ሳቀችና "ተታ ብስኩት ትላለች፣ እንሸውዳት!" አለችኝ። እሷ በራሷ ደረሰችበት። እሱ በሌላ መንገድ ነው የሄደው።

የመንጋጋውን ነገር ልንገራችሁ፤ ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ሰባት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ተረበሸ። ምግብ ይተፋል፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፣ እጁን ይነክሳል። ሚስተር "ቅብጠት ነው" አለ። ማዳም ትምህርት ቤት ውስጥ አስተማሪ ስለተቀየረበት ነው አለች። እኔ ሆዱን ጫን ጫን እያደረግኩ አየሁት፣ ጆሮውን አየሁት፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ማታ ጥርሱን ላጥበው አፉን ሳስከፍተው ድዱ አብጧል። ጥርስ ሐኪሙ ጋ ሲወሰድ መንጋጋው ሥር መግል ቋጥሯል ተባለ። ስንት ትልቅ ሰው የሚያስለቅስ ሕመም ነው። ያን ጊዜ ማሙሽ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላል፤ "ጥርሴን አመመኝ" ለማለት ቃሉ ነበረው። ሲሻለው አጠገቡ ተቀምጬ "ለምንድነው ሳትነግረኝ?" አልኩት። ሳይናደድ፣ መኪኖቹን እየደረደረ፣ "ኢንቲ በታርፊ" አለኝ። አንቺ ታውቂያለሽ።

እህቶቼ፣ ይሄን አስቡት። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ሕመሙን እያወቅኩ ሻይ የማፈላ፣ እናቱ እያወቀች ስልክ የምታወራ፣ አባቱ እያወቀ የሚቆጣው መስሎት ነበር። ሁላችንም እያወቅን ዝም ያልነው መስሎት ነው ግድግዳውን የመታው። እሱ የሰው ልብ አይገባውም እያልን የምናወራው፣ እሱ ግን ልባችን ውስጥ የእሱ ሕመም ያለ መስሎት ይጠብቀን ነበር። ለማዳም ስነግራት መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም።

ባለሙያዋ ያኔ ቀርታለች። ሊራው በ2019 መውደቅ ከጀመረ በኋላ የእሷን ክፍያ የሚችል ቤት ጥቂት ነው፤ ለቤተሰቡ ቀለል ያለው እኔን "አንቺ አይተሽ የለ፣ ቀጥይ" ማለት ነበር። ለዚህ የተጨመረልኝ ደመወዝ የለም፤ ይሄን እግረ መንገዴን ተናግሬ ልለፍ። እሷ ከመቅረቷ በፊት አንድ ነገር አሳይታኝ ነበር። ሰው ትስያለሽ፣ ከጭንቅላቱ በላይ ደመና ትስያለሽ፣ ሰውዬው የሚያስበው ነገር ደመናው ውስጥ ይገባል። ማሙሽ ፊት አይቶ የማይገባው ነገር በሥዕል ይገባዋል። ከጥርሱ በኋላ ይሄን አወጣሁት። እሱን ሳልኩት፣ ደመናው ውስጥ የሚያም ጥርስ። እኔን ሳልኩ፣ ደመናዬ ባዶ። ከአፉ ወደ እኔ ደመና መስመር ሰመርኩና "ቃል ነው የሚያሻግረው" አልኩት። "ካልነገርከኝ የእኔ ባዶ ነው። ጥርሱ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው።" ብዙ ጊዜ አየው። ወረቀቱን ወስዶ ከትራሱ ሥር አደረገው።

ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት እየመጣ "ደመናሽ ባዶ ነው?" ማለት ጀመረ። ባዶ ነው ስለው "ትምህርት ቤት ውስጥ መብራት ጠፋ" ይለኛል። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት የሆነውን ነግሮኝ አያውቅም። ለምን ይነግረኛል? የማውቅ መስሎታል እኮ። አንዳንዴ ሲበዛበት በሌሊት ቀስቅሶኝ ደመናዬ ባዶ መሆኑን ይጠይቀኛል፤ ያኔ እንኳ ሙሉ ነው ብዬ እተኛለሁ።

ይሄ ትምህርት ተአምር ነው እያልኩ አይደለም። ተመራማሪዎችም ያዩት ነገር ነው፤ ልጆቹ የአሻንጉሊቱን ፈተና ማለፍ ይማራሉ፣ ያንን ግን ጎዳና ላይ፣ ከሰው ጋር ሲሆኑ ሁልጊዜ አይጠቀሙበትም። ማሙሽም ስምንት ዓመቱ ላይ የቅርጫቱን ጥያቄ በትክክል መልሷል። ያኑ ቀን ደግሞ ለእንግዳ "ማማ አንቺ ቶሎ አትሄጂም ትላለች" ብሎ ማዳምን አዋረዳት። ሥዕሉን ለማሰብ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ሰው ሲያወራ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። እኛ ሳናስብ የምናደርገውን እሱ እንደ ሒሳብ እየሠራ ነው።

ግን ቃል መንገድ መሆኑ እውነት ነው። ፍራንቸስካ ሃፔ የምትባል ተመራማሪ በ1995 ባወጣችው ጥናት፣ ሌሎች ልጆች የአራት ዓመት ልጅ ያህል ቋንቋ ሲኖራቸው ከሁለት አንዱ የሚያልፈውን ፈተና፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እዚያ ለመድረስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያህል ቋንቋ ያስፈልጋቸዋል። ሌላም አለ። አውስትራሊያ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች በዚሁ ዓይነት ፈተና ተጠይቀው፣ ወላጆቻቸው የሚሰሙ የሆኑት ብዙዎቹ ዘገዩ። ወላጆቻቸውም እንደነሱ መስማት የተሳናቸው፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በምልክት ቋንቋ የሚያወሯቸው ግን በጊዜው ደረሱ። አያችሁ፣ ቤት ውስጥ "አባትህ የተናደደው እንዲህ መስሎት ነው"፣ "እሷ አላወቀችም እኮ" እየተባለ የሚወራው ወሬ ነው ልጅን የሚያስተምረው። ያ ወሬ ያመለጠው ልጅ ይዘገያል።

እኔ ይሄን ሳነብ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው የመጣብኝ። አረብኛ አልችልም። ሲስቁ በእኔ የሚስቁ ይመስለኛል። ማዳም ዝም ስትል የተቆጣች ይመስለኛል፤ ለካ ራሷን አሟት ነው። ስትቆጣኝ አገሬ እንደለመድኩት አንገቴን ደፍቼ መሬት አያለሁ፤ ለትልቅ ሰው አይን ለአይን አይታይም። እሷ "ለምን አታዪኝም? ምን ደብቀሽ ነው?" ትላለች። ስደነግጥና ሳፍር ደግሞ ፈገግ እላለሁ፣ "ትስቂብኛለሽ!" ትላለች። አንድ ቤት ውስጥ አይን የማያዩና በሰዓቱ የማይስቁ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና ማሙሽ። ለእሱ ባለሙያ መጣለት። እኔን ግን ቢሮው ደውሎ "አስተካክይ" አለኝ።

ስለዚህ ያቺ እህቴ የጠየቀችው ሳቅ። ማሙሽም ሰው ሲያለቅስ ይስቅ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ሳቁ የደስታ አልነበረም፤ ትከሻው ይጠነክራል፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ድንጋጤ ነው። ሰው የሚያስበውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ሰው ሲጎዳ ማዘን ሌላ ነገር ነው፤ ተመራማሪዎችም ለይተው ነው የሚያዩአቸው። በሰው ላይ የሚጨክን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰውየውን ሐሳብ አሳምሮ ያውቃል፣ አያዝንም እንጂ። ማሙሽ የተቸገረው በማወቁ ነው።

የአያቴ መርዶ ሲመጣልኝ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማሙሽ አምስት ዓመቱ ነው። መጣ፣ ሳቀ፣ ጆሮውን ያዘ፣ ሮጦ ወጣ። ተመልሶ የድስት ክዳን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ያንን ክዳን ሰዓታት ሙሉ ወለል ላይ እያሽከረከረ ነው የሚረጋጋው፤ ለትንሿ እንኳ አያስነካም። እሱን የሚያረጋጋው እኔንም የሚያረጋጋኝ መስሎታል። ልብ የለውም የሚባለው ይሄ ነው እንግዲህ።

ሌሎች ልጆችም በዚህ ያልፋሉ፣ ቶሎ ያልፋሉ እንጂ። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1997 የታተመ ሙከራ አለ። ተመራማሪዋ ሕፃናት ፊት ጥሬ ብሮኮሊ ስትቀምስ "እሰይ" ትላለች፣ ብስኩት ስትቀምስ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ ስጡኝ ትላለች። የ14 ወር ልጆች ራሳቸው የሚወዱትን ብስኩት ሰጧት። የ18 ወር ልጆች ግን ብሮኮሊውን። ማሙሽ ከክዳኑ ወደ ብሮኮሊው ለመድረስ ሦስት ዓመት ፈጀበት። ስምንት ዓመቱ ላይ፣ በአገራችን ጦርነት ወሎ ስልክ ተቋርጦ ከቤተሰቤ ድምፅ ሳልሰማ በሰነበትኩበት ጊዜ፣ ፊቴን አይቶ ሳይሆን እራት ላይ አልበላም ማለቴን ቆጥሮ፣ ሲኒዬን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። ባዶ ሲኒ። እሱ ቡና ይሸተኛል ብሎ አፍንጫውን የሚይዝ ልጅ ነው።

ሌላው ያስቸገረን የሰው አነጋገር ነው። የሊባኖስ እናት ልጇን ስታቆላምጥ "ቶቡርኒ" ትላለች፤ ቅበረኝ ማለት ነው። ካንተ በፊት ያድርገኝ፣ ያላንተ አልኑር ነው ነገሩ። ማሙሽ ሰባት ዓመቱ ላይ አንድ ቀን ቃሉን ሰማውና "የት?" አለ። እናቱ ስትስቅ አለቀሰ፤ ሁለት ቀን አጠገቧ አልቀመጥም አለ። መቆፈር ያለበት መስሎት ነው። እኔም አልተሻልኩም፤ "አፈር ስሆን ብላ" ነው የምለው ሳጎርሰው። ሲወድቅ ደግሞ "እኔን!" እላለሁ። የዚህን ትርጉም ነግሬው ስለነበር "የወደቅኩት እኔ ነኝ፣ ለምን አንቺን?" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ደመና ሳልኩ። ከአፍ የወጣውን ከአፍ አጠገብ ጻፍኩ፣ በሆድ ያለውን ደመናው ውስጥ አደረግኩ። አፏ "ቅበረኝ" ይላል፣ ሆዷ "በጣም እወድሃለሁ" ይላል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲናገር "ከአፍ ነው ከሆድ?" ይላል። አንድ ቀን የሚስተርን አለቃ እራት ተጋብዞ ሳለ ጠየቀው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በፎጣ አፌን ይዤ ነው የሳቅኩት።

ባለሙያዋ "ያታለለሽ ቀን ደውይልኝ" ብላኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማሙሽ ውሸት አያውቅም፤ በላህ ወይ ሲሉት "አዎ፣ ሦስት" ይላል። ባለፈው ፋሲካ ተታ ማአሙል ጋግራ በሪባን በታሰረ ካርቶን አመጣች። ለእንግዳ ሲከፈት ባዶ ነው። ማሙሽ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሁሉንም በልቶ፣ ካርቶኑን ዘግቶ፣ ሪባኑን መልሶ አስሮ ቦታው አስቀምጦታል። ሁሉም ጮኸበት። እኔ ግን የታየኝ ሪባኑ ነው። ለምን አሰረው? ተታ የታሰረ ካርቶን ስታይ ሙሉ ነው ብላ እንደምታስብ ስላወቀ ነዋ! በተታ ሆድ ውስጥ ልክ ያልሆነ ሐሳብ ማስቀመጥ ችሏል። በሆዴ እልል አልኩ። ለባለሙያዋ ድምፅ ቀድቼ ላክሁላት፣ "አልፍ መብሩክ" ብላ እየጮኸች መለሰችልኝ። ማዳም ግን ለሳምንት ጣፋጭ ከለከለችው፤ እሱም ትክክል ነው።

ፈተናው ሁሉ ግን ለእሱ ብቻ መሆኑ አንዳንዴ ያናድደኛል። እኛን ማን ፈተነን? ዴሚያን ሚልተን የሚባል፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ ምሁር በ2012 ይሄንኑ ጽፏል፤ አለመግባባቱ ከሁለት ወገን ነው፣ ኦቲዝም የሌለበትም ሰው የእነሱን ልብ ማንበብ አይችልም ብሎ። ኤድንብራ ውስጥ ተሠርቶ በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ ሰዎችን በሰልፍ አድርጎ አንዱ ለቀጣዩ ታሪክ እንዲያስተላልፍ አደረገ። ኦቲዝም ያለባቸው እርስ በርስ ሲያስተላልፉ ልክ ሌሎቹ እርስ በርሳቸው እንደሚያስተላልፉት ያህል ደረሰ። ታሪኩ ይበልጥ እየጠፋ የሄደው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። እኔ ይሄ አልገረመኝም። እኛ ሐበሾች እሁድ ስንገናኝ ግማሽ ቃል ይበቃናል። ሰኞ ቤታችን ስንገባ ግማሹ ነገር ይጠፋል። ስለዚህ ልጁን አገጩን ይዛችሁ "አይኔን እይ" አትበሉት። ማሙሽ መስኮት መስኮት እያየ ነው ደህና የሚሰማኝ።

አገራችንም ይሄ ነገር አለ። እኛ ሰፈር አንድ ልጅ ነበር፣ ከጓሮ አይወጣም። ልክፍት ነው ይባላል፤ ጠበልም ዱዓም ተሞክሯል፤ እኛ ልጆች በአጥር ቀዳዳ እናየው ነበር። ስሙን እንኳ አላውቀውም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ነበሩ፤ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስላለበት በ2002 አዲስ አበባ ላይ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ጆይ ማዕከልን አቋቋሙ። ያኔ ብዙ እናት ልጇን ደብቃ ነበር የምትኖረው። ያንን የጓሮ ልጅ አሁን ሳስበው፣ እሱም ሁላችንም የምናውቅለት መስሎት ይሆን እላለሁ።

ኮንትራቴ በሦስት ወር ያልቃል፤ በቃኝ፣ አገሬ ልገባ ነው። የምትተካኝ ልጅ ሐበሻ ናት ተብሏል፣ ስለዚህ በአማርኛ ደብተር እየጻፍኩላት ነው። ውሃ ሲጠማው ምን እንደሚል። የልብስ ማጠቢያው ሲሽከረከር አጠገቡ ካለ እንዳታስነሳው። ሲስቅ ትከሻውን እንድታይ። "ዝም ካለ ደህና ነው አትበዪ፤ በየማታው አፉን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን እያሳየሽ ጠይቂው" የሚለውን በቀይ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ሐሙስ ስጽፍ መጥቶ ቆመ። "ለማን ነው?" አለኝ። ለምትመጣው ልጅ አልኩት። "ታውቀኛለች?" አለ። አታውቅህም። ሄደ። እራት እያቀረብኩ ሳለ ተመልሶ መጣ፣ አላየኝም፣ ፍሪጁን እያየ "የእሷ ደመና ባዶ ነው" አለ። "ሽንኩርት አልወድም ብለሽ ጻፊ። ጥሬውንም የበሰለውንም።" እጄን አደራርቄ ጻፍኩለት። ጣቱን እያስኬደ ስንት መስመር እንደሆነ ቆጠረና፣ ሁለት ነው፣ ሄደ።